ካሜራው ጫማውን ያውልቅ

በአገራችን ፊልም ውስጥ ገበሬ ሲያርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የምር ሲያርስ ማለቴ ነው። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል፣ ዋሽንት ከኋላ እየተሰማ፣ አንድ ሰው በሩቁ ከሁለት በሬዎች ኋላ ሲሄድ የሚታይባትን ነገር አይደለም የምላችሁ። እሷንማ በየፊልሙ፣ በየዘፈን ክሊፑ፣ በየማስታወቂያው ጠግበናታል። ሰውዬው ትልሙን ጨርሶ ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም። አራት ሰከንድ ያህል ይታይና ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፤ እዚያ አንዲት ልጅ ቪላ ውስጥ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው።

እዚህ ጎባ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸው ከ80 ይዘላል፤ ጉልበታቸውን ሲናና ላይ ከሞፈርና ቀንበር ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ቡና ሊጠጡ ብቅ ሲሉ ላፕቶፔ ላይ እንዲህ ያለች ትዕይንት ደረሱባት። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ዕርፉን እንደ ምርኩዝ ነው እንዴ የሚይዘው? ጥፍሩንስ አየኸው? ይሄ ጥፍር አፈር ነክቶ አያውቅም" አሉኝ። (ልጅ የሚሉት እኔን፣ የሃምሳ ምናምን ዓመቱን ሰውዬ ነው። ደስ ይለኛል፤ አልደብቃችሁም።)

እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመታት "መቼት ማለት ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው" እያልኩ በጠመኔ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሽማግሌው ያንን ሁሉ ትምህርት በአንዲት ጥፍር ጨረሱት። እናላችሁ፣ ከዚያ ማታ ወዲህ ፊልም ሳይ ፊት ማየት ትቼ እጅ ማየት ጀምሬአለሁ። የጎባ ማታ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊልም ከማየት የተሻለ ሥራ የለም። መብራት እስካለች ድረስ ነው እንግዲህ።

በእጅ ከመዘንነው የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ጥሩ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው፤ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ልጁ የቀረችው አንዲት በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ስለ ተራሮቹ ውበት ብዙ ተብሏል። እኔ ተራሮቹ ትንሽ በዝተውብኛል፤ አንዳንዴ የሰዎቹን ችግር ያስረሱኛል። የወደድኩት ጓዳውን ነው። ልጁ ምግብ ማብሰል ይችላል፤ ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ ያሳፈራቸው ዘመዶቹ ይቆጡታል፤ እሱ ግን እጁ ያውቃል። ሳምቡሳውን ሲሠራ ካሜራው ቀርቦ ዝም ብሎ ያየዋል። እዚያ ላይ ከእናቱ የቀረው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ገባን።

የሞገስ ታፈሰ "ቁራኛዬ" (2019) ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጥንቱን የፍርድ ሥርዓት ይዞ የተነሳ ፊልም ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ የሚጓዙበትን። እስቲ አስቡት፤ የምትጠላው ሰው ካልተቀመጠ አንተም አትቀመጥም። እሱ ውኃ ካልጠጣ አንተም ወንዙን እያየህ ታልፋለህ። ደራሲ ይሄን የመሰለ ሁኔታ በእጁ ከገባ ግማሽ ሥራው አልቋል። አንዳንድ ንግግሩ ለመጽሐፍ የተጻፈ እንጂ ከአፍ የወጣ አይመስልም፤ ቢሆንም ሁለቱ ሲራመዱ የሚታዩበትን ሁሉ ተቀምጬ ደግሜ አይቼዋለሁ።

ስለ አዲስ አበባዎቹ የፍቅር ኮሜዲዎች ብዙ አልልም። ሶፋው አንድ ነው፤ ደረጃው አንድ ነው፤ ከደረጃው የምትወርደው ልጅም አንድ ናት ልል ስል ባለቤቴ ተው ብላኛለች። ስንፍና ብቻም አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ በጥቂት ሳምንት ቀርጸህ ካልጨረስክ ያበደረህ ሰው በር ላይ ይቆማል። እንዲህ ተሠርቶም አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር ይወጣል፤ ያስቀኝን አላማም።

አሁን ወደምወደው ሰው ልለፍ። ኃይሌ ገሪማ። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን የምወደውን ደራሲ አንቱ ብዬ አላውቅም፤ በዕውቀቱ፣ ሐዲስ፣ በዓሉ ነው የምለው፤ ስለዚህ ኃይሌም ኃይሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ቴአትር እየጻፉ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቴአትር ሊማር ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ፊልም ተማረ። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። ይሄ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚህ አገር መጥቶ ስለቀረጻት ፊልም ነው። "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"።

ንጉሡ ሊወርዱ፣ አገሩ ሲናጥ፣ ኃይሌ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሁለት ሳምንት በማይሞላ ወይም እዚያው ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ቀረጸ። የወጣው ፊልም ሁለት ሰዓት ከግማሽ ይፈጃል። ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል፤ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ አንድ ባለመሬት አለ። ቤተሰቡ ይነሳል፣ ያርሳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይተኛል። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይሳደባል። ከበበ የሚባል፣ ሰው እብድ ነው የሚለው፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰውዬ ዙሪያውን እየተንጎራደደ እውነቱን ይናገራል። ልጅቷን ጎርፍ ይወስዳታል። መጨረሻ ላይ ባለመሬቱን የሚገድለው "እብዱ" ነው።

"ይሄ ሁሉ ለምን ሁለት ሰዓት ከግማሽ ይፈጃል?" የሚል ሰው ያጋጥማል። አንድ ጓደኛዬ በ20ኛው ደቂቃ ላይ "እስካሁን እኮ ከብቶቹ ገና ከበረት አልወጡም" ብሎኝ ተኝቷል። ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው። ኃይሌ የሰውን ድካም በንግግር አያስረዳም፤ ድካሙ የሚወስደውን ጊዜ ይሰጠዋል። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ ትጠብቃለህ። ገበሬው ትልሙን ሲያርስ እስከ ጫፍ ሄዶ በሬዎቹን አዙሮ ይመለሳል። ከዚያ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ሰነፍ" ሲል ንዴቱ ካንተ ሆድ ውስጥ ነው የሚነሳው። ማንም ተናደድ አላለህም። በጠመኔ ዘመኔ ልቦለድ ሳስተምር "አትንገረኝ፤ አሳየኝ" የሚባለውን ምክር ስደጋግም ኖሬአለሁ፤ እዚህ ፊልም ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ካሳየኸኝ በኋላ ቶሎ አትውሰድብኝ።

ይሄን ፊልም ለሽማግሌው ጎረቤቴ አሳየኋቸው። ሁሉንም በአንድ ማታ አይደለም፤ በሦስት ማታ። አልተኙም። ገበሬው ማረስ ሲጀምር ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው እጁን አዩና "ይሄ ያውቃል" አሉ፤ በቃ። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ቡናቸውን አስቀመጡ።

"ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ።"

"የት ያውቁታል አባባ?"

"ሲናና ነዋ! የኛው ግን ወንበር አልነበረውም። ፈረሱ ላይ ሆኖ ነበር የሚቆጣ።"

ባሌን የሚያውቅ ሰው ይሄ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። በዚህ አገር የመሬት ነገር ደም ያፈሰሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 በእነ ዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ ገበሬ አመጽ አንዱ ሥሩ መሬትና የመሬት ግብር ነበር። ጎረቤታችን አርሲ ደግሞ ትራክተርና ዘመናዊ እርሻ ሲገባ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ሽማግሌው ጎልማሳ ነበሩ፤ ያን ዕለት የት እንደቆሙ ያስታውሳሉ። ፊልሙ ከአዋጁ በፊት የተቀረጸ ነው። አንድ የፊልም ተማሪ በጥቂት ቀን ቀርጾት የሄደውን ነገር አንድ የሲናና ሽማግሌ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጎባ ላይ ቁጭ ብለው "አውቀዋለሁ" ሲሉ ከመስማት የበለጠ ሽልማት ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ማታ ላይ ግን ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁ፤ እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ።

"ለምንድነው ሁሉም አማርኛ የሚናገሩት?"

"ፊልሙ የአማርኛ ነዋ" አልኳቸው።

"እሱማ ገባኝ። እኛም እኮ አማርኛ እንናገር ነበር፤ ለባለመሬቱ። ለበሬው ግን በኦሮምኛ ነው።"

ይቺን ንግግር እስቲ ደግማችሁ አንብቧት። በእኔ አስተያየት ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ከተጻፈው ብዙ ነገር ትበልጣለች። ኃይሌን አልወቅሰውም። ያወቀውን አገር፣ በሚያውቀው ቋንቋ ቀረጸ፤ ያላወቀውን ቢቀርጽ ኖሮ እንደዚያ ጥፍሩ የጸዳ ገበሬ ይሆንበት ነበር። ወቀሳዬ ከእሱ በኋላ በመጣነው ላይ ነው። የእሱን አንድ ገጠር የሁሉም ገጠር አድርገነዋል። "ድፍረት"ን (2014) እንውሰድ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ የጠለፋን ጉዳይ ይዞ የተነሳ ጠቃሚ ፊልም መሆኑን አልክድም፤ የፍርድ ቤቱ ክርክርም ልብ ይሰቅላል። መነሻው የሆነው እውነተኛ ታሪክ ግን የአርሲ ነው። ፊልሙ ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ የምንሰማው አማርኛ ነው። ጠላፊውም፣ አባትም፣ እናትም በአማርኛ ያዝናሉ። እንግዲህ አንዲት ከአርሲ ገጠር የመጣች ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ከሚያስፈሯት ነገሮች አንዱ የሚናገሩባት ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ፊልሙ ሊያየው የማይችለው ነገር ሆኗል። ሁሉም ሰው አንድ ቋንቋ ከተናገረ፣ ማን ለማን ሲል ቋንቋውን እንደሚቀይር አይታይም። ለባለመሬቱ አንድ፣ ለበሬው አንድ።

ስለ ምወደው ሰው እያወራሁ ድካሙን ካልተናገርኩ ደግሞ ፍቅሩ የውሸት ይሆናል። "ጤዛ" ትልቅ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት አገኘ። ለመሥራት 14 ዓመት እንደፈጀበት ተነግሯል። አዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ሲታይ ስንቱ ሰው እያለቀሰ ወጣ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አብዮቱን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነው፤ የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

የጀርመኑን ክፍል ግን እንዴት ልበላችሁ… ተማሪዎቹ ተሰብስበው ሲከራከሩ አይነጋገሩም፤ በራሪ ወረቀት ይቀያየራሉ። "ያ ትውልድ እንደዚያ ነበር የሚያወራው" የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። ታላላቆቼ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ያወሩ ነበር። ግን ያ ትውልድ በክርክሩ መሀል ያስነጥስ ነበር፤ ሲጋራ ይለምን ነበር፤ ከወዲያ ያለችውን ልጅ በዓይኑ ይፈልግ ነበር። "ምርት"ን የሠራው ኃይሌ ይሄን ሁሉ ያየው ነበር። የ"ጤዛ"ው ኃይሌ ልቡ ሞልቷል፤ የሚናገረው ብዙ ነው፤ ጊዜ ያጠረበት ይመስላል። መንደር ሲገባ ግን እዩት። እናትየው ልጇን ስታየው። ሰው ሁሉ ተምሮ የመጣውን ዶክተር ከብቦ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ የተማረውን ለማን፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ጠፍቶበታል። እናቱ አትጠይቀውም። ዝም ብላ ታየዋለች። እዚያ ላይ ካሜራው እንደገና መጠበቅ ይችላል። እኔ ከፊልሙ ውስጥ ዓመት አልፎ የማስታውሰው እነዚያን ዝምታዎች ነው እንጂ አንድም የክርክር ዓረፍተ ነገር አይደለም።

ከኋለኞቹ መካከል መጠበቅ የሚያውቅ ካሜራ ያየሁት "ፋያ ዳዪ" (2021) ላይ ነው። የጄሲካ በሽር ነው፤ ሐረር ያደገች ልጅ ናት፤ ወደ አሥር ዓመት እየተመላለሰች ቀረጸችው። ስለ ጫት ነው ይባላል፤ ስለ ጫት ብቻ አይደለም። የሱፊዎቹ አፈ ታሪክ አለ፤ ቀጥፈው፣ አስረው፣ ተሯሩጠው የሚያደርሱ ሰዎች አሉ፤ ባሕር አቋርጦ ለመሄድ የሚያስብ ልጅ አለ፤ ኦሮምኛው በሹክሹክታ ነው። ጭሱና ጥቁርና ነጩ አንዳንዴ ይበዛል፤ ከሰዓት በኋላ እኔም የመረቀንኩ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ያዘኑና የተዋቡ መሆናቸውም ትንሽ ያጠራጥረኛል፤ ሐረር ውስጥ የሚስቅ ሰው ሞልቷል። ግን እጆቹን እዩ። የጫቱን ቅጠል የሚለዩትን እጆች። ሽማግሌው ጎረቤቴ አይተው "ይሄም ያውቃል" ብለዋል። እና ማንም ሰው በማይናገረው ቋንቋ አልተናገረም።

"ሜድ ኢን ኢትዮጵያ" የሚለውን የ2024 ዘጋቢ ፊልምም ያላያችሁ ብታዩት ጥሩ ነው። ዱከም ስላለው የቻይናዎች ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። አጠገቡ ያለች ገበሬ ስለ መሬት የተገባላትን ቃል ትጠብቃለች፤ ትጠብቃለች፤ ትጠብቃለች። የ"ምርት" ባለመሬት ወንበሩን ለቆ ሄዷል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ያለ መሰለኝ።

የባሌ ነገርስ? ባሌ ፊልም ላይ የሚታየው በአብዛኛው ቀይ ቀበሮ ሆኖ ነው። የውጭ ሰዎች ሳኔቲ ላይ ወጥተው ቀበሮዋ ፍልፈል ስታድን ወራት ሙሉ ይጠብቃሉ፤ ትዕግሥታቸው ይደነቃል፤ ብሔራዊ ፓርኩም በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እሰየው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚያው ደጋ ላይ ከብት የሚጠብቅ፣ ፈረስ የሚጋልብ ሰው አለ። ፊልሙ ላይ የለም። ለፍልፈል የተሰጠው ሰዓት ለእረኛው አልተሰጠም።

ለዚህ ነው ሮቤ ያሉ፣ ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች "ቲቸር፣ ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን ፊልም ልንሠራ ነው፤ ድርሰቱን ይዩልን" ብለው ሲመጡ ልቤ የዘለለው። ላላያችሁት፣ ድሬ ሼክ ሁሴን ከሮቤ ወደ ምሥራቅ፣ በጊኒር በኩል ወርደው የሚደርሱበት ቆላ ነው። እስልምናን ወደ ባሌ አመጡ የሚባሉት ሼክ ሁሴን ያረፉበት ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት። በኖራ የነጣው አጥርና መቃብር ከሩቅ ያበራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከአረፋ ጋር፣ ሰው ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና ይጎርፋል። ጋሪባዎቹ ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው በየመንደሩ እያደሩ፣ ባህሮ እያሉ፣ ቀናትና ሳምንታት በእግር ይጓዛሉ። መኪና ቢኖርም በእግር የሚሄድ አለ። ቅጥሩ ውስጥ በባዶ እግር ነው የሚገባው።

ድርሰቱን አነበብኩ። ከአዲስ አበባ አንዲት ፎቶ ጋዜጠኛ ትመጣለች። መንገድ ትስታለች። አንድ መልከ መልካም ወጣት ጋሪባ ያገኛታል። ቀሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ። "ድሮን" የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፤ 11 ጊዜ። ፊልሙ በድሮን ይጀምራል፤ ሁለቱ ሲሳሳሙ ድሮኑ ይዞራል፤ በድሮን ያልቃል።

"ልጆች፣ ቅጥሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ድሮኑስ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ድሮን ጫማ የለውም ቲቸር።"

"ችግሩ እኮ እሱ ነው።"

ከዚያ ቁጭ ብለን "ምርት"ን አየን። እነሱ በሦስት ማታ አላዩትም፤ በአንድ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ስልካቸውን እየነካኩ ቢሆንም። ገንዘብ የለንም አሉኝ። ስለ "ሳንኮፋ" ነገርኳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ኃይሌ ፊልሙን ጨርሶ አከፋፋይ ሲያጣ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈው አዩለት፤ በ2021 ደግሞ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። "28 ዓመት!" አለ አንዱ። እሱን ለማጽናናት ነበር የነገርኩት፤ ሌላ ነገር ሰማ።

በመጨረሻ የምሬን ጠየቅኋቸው። "ስለ ጉዞው ቤታችሁ ውስጥ ምን ይወራል?" ዝም አሉ። ይሄ ዝምታ ምን እንደሆነ የባሌ ሰው ያውቃል። ባሌ ውስጥ አንዳንድ ቤት እናት ስለቷን ይዛ በየዓመቱ ድሬ ትሄዳለች፤ ልጅ ደግሞ ወደ መቃብር መሄድ በሃይማኖቱ አይፈቀድም ብሎ ይከራከራታል። ሁለቱም አላህን ፈርተው ነው። ሁለቱም ይዋደዳሉ። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ እኔ የማውቀው ልቦለድ ነው፤ በልቦለድ ዓይን ግን አንድ ጣራ ሥር ያሉ፣ ሁለቱም እውነተኛ የሆኑ፣ ሊለያዩም የማይፈልጉ ሁለት ሰዎች ከአንድ መቶ ፎቶ ጋዜጠኛ ይበልጣሉ። "ቁራኛዬ" ነው ነገሩ፤ ማንም ሳያስራቸው ተቋጥረዋል። እናትየው ስንቅ ስትቋጥር፣ ልጁ በር ላይ ቆሞ ሲያያት፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ… መጥቶ ስንቁን ይሸከምላታል ወይስ ፊቱን አዙሮ ይወጣል? እሱን አሳዩኝ አልኳቸው። ጉዞውንም በእሷ እርምጃ ልክ አሳዩኝ፤ እግሯ ሲያብጥ፣ ስታርፍ፣ ባህሮው ሲነሳ አብራ ስታነሳ፤ የባህሮው ቃል ደግሞ ለእኔ ለአማርኛ ተናጋሪው ተብሎ አይቀየር።

"ቲቸር፣ እሱን ከሠራን ከሁለቱም ወገን ሰው ይጣላናል" አለ ድርሰቱን የጻፈው።

"የእናትየውን እጅ በደንብ ካያችሁ፣ የልጁንም ፊት ካያችሁ፣ ማን ይጣላችኋል?"

እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተናገረ፣ ካሜራ የሚይዘው ልጅ፣ መሬት መሬት እያየ "እናቴ" አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ፊልሙን ማን ማዘጋጀት እንዳለበት እዚያው ገባኝ፤ ለልጆቹም ነገርኳቸው፤ ድርሰት ጸሐፊው ትንሽ ቅር ብሎታል።

ለሚቀጥለው ጉዞ ከጋሪባዎች ጋር በእግር ሊሄዱ ነው፤ መጀመሪያ ያለ ካሜራ። የልጁ እናት እንደምትሄድና እሱም በትሯን እንደሚይዝላት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ድሮኑ ለጊዜው ሮቤ ውስጥ ሰርግ ይቀርጻል፤ ኪራዩ ለስንቅ ይሆናል ብለውኛል።